«እኔ ምን የሚወራ አለኝ?» ከምትል ሴት ታሪክ መስማትና መጻፍ

ደብረ ብርሃን ልብስ እሰፋለሁ። የስፌት መኪናዬ፣ ሲንጀሬ፣ በሩ ሥር ነው፤ ብርሃኑም ወሬውም በዚያው ይገባል። ከስፌቱ ሌላ የመካነ ኢየሱስ፣ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን፣ ምእመን ነኝ፤ የሴቶች ኅብረታችንን ከሚያስተባብሩት አንዷ ነኝ። ሰሜን ሸዋ ውስጥ እኛ ሉተራኖች ጥቂት ነን። ሰፈሩ «ጴንጤ» ብሎ ሁላችንንም በአንድ ስም ይጠቀልለናል፤ ለምደነዋል።

በኅብረታችን የሴቶችን የዕለት ተዕለት ወግ እንሰማለን፣ እንጽፋለን፣ መልሰን እናነባለን። ስለ እምነት፣ ስለ አገልግሎት፣ ስለ እጅ ሥራ። የሌላ ከተማ እህቶች «እንዴት ነው የምትሠሩት? እኛ ስንሞክር ሁሉም ዝም ይላል» ይሉኛል። በየስልኩ ከምደጋግመው ብዬ ጻፍኩት።

በመጀመሪያ፣ ይህ ምስክርነት አይደለም። ምስክርነት እሁድ መድረክ ላይ ይወጣል። ታምሜ ነበር ተፈወስኩ፤ ሥራ አጥቼ ነበር አገኘሁ። እሰየው፣ እልል እንላለን። ግን ማይክ የያዘች ሴት ድምፅዋም ቃሏም ይለወጣል። «የጌታ ስም ይባረክ» ብላ ትጀምራለች፣ «የጌታ ስም ይባረክ» ብላ ትጨርሳለች፣ መሐሉ ላይ ኑሮዋ ሳይነገር ያልፋል። ተአምር ያላየችዋ ደግሞ ጭራሽ አትወጣም። ዕድሜዋን ሙሉ ለቅሶ ቤት ወጥ ስትሠራ፣ አራስ ስትጠይቅ፣ የታመመ ስታጥብ የኖረች ሴት «እኔ ምን የሚወራ አለኝ?» ብላ ትቀመጣለች።

ሉተራን ነን ካልን ይህ ሊያሳስበን ይገባል። ስማችንን የወሰድንለት ጀርመናዊው ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1522 ስለ ትዳር ሲጽፍ፣ የልጁን የሽንት ጨርቅ በእምነት የሚያጥብ አባት ሰው ቢስቅበትም እግዚአብሔር ከመላእክቱ ጋር ፈገግ ይልለታል ብሏል። የሽንት ጨርቅ! መነኩሴና ቄስ ብቻ እግዚአብሔርን ያገለግላል በሚባልበት ዘመን ነው ይህን ያለው። ሚስቱ ካታሪና ፎን ቦራ ከገዳም ወጥታ በ1525 አገባችው። በሚኖሩበት ከተማ ዊተንበርግ ላይ ልጁን፣ ዘመዱን፣ ተማሪውን፣ እንግዳውን ሁሉ የምታበላው እሷ ናት። ከብት ታረባለች፣ አትክልት ትተክላለች፣ ቢራ ትጠምቃለች። (ቢራው ላይ የእኛ ሴቶች ይስቃሉ። ጠላ መጥመቅ ትተን የመጣን አለና።) ማዕድ ላይ ሉተር የሚናገረውን ተማሪዎቹ እየተሻሙ ይጽፉ ነበር። ለሚስቱ የጻፋቸው ደብዳቤዎችም ተቀምጠዋል። እሷ ለእሱ የጻፈችው ግን አንድም አልተገኘም። የበላው ተጻፈ፣ ያቀረበችው ቀረች። እኛ የምንጽፈው ያቀረበችውን ነው። ከዚህ በታች ያለው እንዴት እናድርገው የሚለው ነው።

ቤቱ፣ ሰዓቱ፣ ቡናው

አዳራሽ አትሞክሪ። ወንበር በረድፍ ሲደረደር ሰው ስብሰባ ይመስለዋል፤ አጀንዳ ይጠብቃል። በየተራ በየቤቱ ይሁን። ሰባት ስምንት ሴት ይበቃል። ከዚያ ሲያልፍ ወሬው ለሁለት ይከፈላል፣ አንዱን ስትሰሚ ሌላው ያመልጥሻል።

ሰዓቱ እንደ አገሩ ነው። ደብረ ብርሃን ከጥቅምት ጀምሮ የጠዋቱ ውርጭ አጥንት ይሰብራል፤ ማንንም በማለዳ ከቤት አታወጪም። እኛ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ እንገናኛለን። ምሳ ተነሥቷል፣ ልጆች ትምህርት ቤት ናቸው። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ እንበተናለን፤ ልጅ ይመጣል፣ እራት አለ፣ ከብት ያላት ከብት አላት። ሸዋ ሮቢት ከሆንሽ ተቃራኒው ነው፤ እዚያ ቀትር ላይ ሙቀቱ ወሬም አያስወራ። ገጠር ከሆንሽ አጨዳና ውቂያ እስኪያልፍ ጠብቂ።

ስለ ምግቡ ሕግ አውጪ። የእኛ ሕግ ቡናና የገብስ ቆሎ ነው፤ ሌላ የለም። አንዷ ዳቦ ደፍታ ወጥ ሠርታ ከጠበቀችን፣ ቀጣይዋ እበልጣለሁ ትላለች። ሦስተኛዋ አቅም የላትም፣ ተራዋ ሲደርስ «አሞኛል» ብላ ትቀራለች። ብዙ የምታወራን ደግሞ ብዙ ጊዜ ያቺ ሦስተኛዋ ናት። ቆሎ ሌላም ጥቅም አለው፤ የጾም ነው። ኦርቶዶክስ ጎረቤት በሑዳዴ ብትገባ ሳትሳቀቅ ትዘግናለች።

ጎረቤት ትግባ እንጂ! እድራችን አንድ ነው፣ ለቅሷችን አንድ ነው፣ ቧንቧው ላይ የምንሰለፈው አብረን ነው። ግን ቡና ጠጪ ብሎ ጠርቶ ሃይማኖትሽን ቀይሪ ማለት ነውር ነው። ይህን በግልጽ ተነጋገሩበት፤ በተለይ አዲስ ያመኑት ልጆች ይፈጥናሉ። ጎረቤቷ ስለ ራሷ ስታወራ እንደ ማንኛችንም ትሰማ፤ ከፈለገች ትጻፍ።

እጅ ሥራ ይያዝ

ሁሉም የሚሠራ ነገር ይዛ ትምጣ። ፊት ለፊት ተቀምጠው «በይ ንገሪን» ሲሏት የማትደነግጥ ሴት የለችም። ምስር እየለቀመች ከሆነ ግን ዓይኗ ሰፌዱ ላይ ነው። ዝም ብትል አታፍርም፣ ብታወራ ማንም አፍጥጦ አያያትም። አንዷ ጥልፍ ትጠልፋለች፣ አንዷ ዳንቴል ትሠራለች፣ አንዷ የመሶብ ክዳን ትሰፋለች፣ አንዷ ጥጥ ትፈትላለች። እኔ ቁልፍ የቀረው ሸሚዝ ይዤ እሄዳለሁ። ባዶ እጇን ለመጣችው ባለቤቲቱ የሚለቀም ነገር በሰፌድ ትስጣት። ስልክ መነካካት ሥራ አይባልም፤ ወጣቶቹ ቢከራከሩም።

አጠያየቅ

ዋናው ይህ ነው። «እግዚአብሔር በሕይወትሽ ምን አደረገልሽ?» ብለሽ ከጠየቅሽ ስብከት ትሰሚያለሽ፤ ያውም እሁድ የሰማሽውን። ስለ እምነት ለመስማት ስለ እምነት አትጠይቂ። ስለ ዕቃ ጠይቂ። ስለ ትናንት ጠይቂ። እጇ ላይ ስላለው ነገር ጠይቂ።

ለምሳሌ እኔ እንዲህ እጠይቃለሁ። ይህን መሶብ መስፋት ማን አሳየሽ? ትናንት ማታ ቤቱ ከተኛ በኋላ ምን ስትሠሪ ነበር? አራስ ለመጠየቅ ስትሄጂ ምን ይዘሽ ትገቢያለሽ? ባለፈው ለቅሶ ቤት ትልቁ ድስት ላይ ማን ቆመ? አርጅቶ የማትጥይው ዕቃ የቱ ነው? ስትጋግሪ የምታንጎራጉሪው መዝሙር የቱ ነው? አንድ ደግሞ አለ፣ ከሁሉ የምወደው፦ ደስ ሳይልሽ የረዳሽው ሰው አለ? መጀመሪያ ሁሉም ይስቃሉ። ከዚያ እውነቱ ይመጣል።

ከመንዝ የመጡ አንዲት እናት አሉን። ልጃቸው እዚህ ስለሚሠራ እሱ ጋ ናቸው። እንዝርታቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ የሚፈትሉት የበግ ሱፍ ነው። መንዝ የበግ አገር ነው፣ ብርዱም ያለ ባና፣ ያለ ሱፍ ብርድ ልብስ፣ አይገፋም። እንዝርቱን ጭናቸው ላይ ሸርተት አድርገው ይለቁታል፣ በግራ እጃቸው ሱፉን እየሳቡ ያቀጥኑታል። ክሩ ጠቆር ያለ ነው። የበጉ ቅባት ገና ከሱፉ ስላልለቀቀ ጣታቸው ያብረቀርቃል፤ ሽታውን የቡናው ጢስ እንኳ አያሸንፈውም።

«እማማ፣ እስቲ የእርስዎን ያጫውቱን» አልኳቸው።

«እኔ ምን የሚወራ አለኝ፣ ልጄ። ያልተማርኩ ሰው ነኝ።»

እዚህ ላይ ነው ብዙዎች የሚተዉት። እኔ ወደ እንዝርቱ ዞርኩ።

«ይህ ሱፍ ለማን ነው?»

«ለማንም።»

«ለማንም ይፈተላል እንዴ?»

ሳቁብኝ። «ሰውየው ገና አልመጣማ!»

ከዚያ ወጣ። በግ በተሸለተ ቁጥር አንድ እፍኝ ሱፍ ለብቻ ያስቀምጣሉ። እሱን ይፈትሉታል። ልቃቂቱ ሲበቃ ለሸማኔ ይሰጡታል፤ አገር ቤት እያሉ ዋጋውን በገብስ ይከፍሉ ነበር። ባናው ተጣጥፎ ይቀመጣል። አንድ ቀን መቼም ልብስ የሌለው ሰው ይመጣል፤ ለእሱ ነው።

«ለማን እንደሚሰጡት አስቀድመው አያስቡም?» አልኳቸው።

«አላስብም። ካሰብኩማ ለምወደው እሰጣለሁ።»

ቤቱ ጸጥ አለ። ቀጠልኩ፤ «የመጀመሪያውን ማን ወሰደው?» የመጀመሪያውን የወሰዱት አማታቸው ናቸው። በወጣትነታቸው ያንገላቷቸው አማት። አርጅተው፣ ሌሎቹ ልጆች ትተዋቸው፣ በክረምት በራቸው ላይ መጡ። በቤቱ ከተጣጠፈው ባና በቀር ትርፍ ልብስ አልነበረም። «ወድጄ መሰለሽ? ተጣጥፎ ስለቆየኝ ነው» አሉ። የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ አልጠቀሱም። እኔም አልጨመርኩባቸውም።

አንዴ ወሬው ከመጣ ያንቺ ሥራ ዝም ማለት ነው። በየዓረፍተ ነገሩ «አሜን» አትበይ። «እኔም እኮ አንድ ጊዜ» ብለሽ አትሻሚ። አጫጭር ነገር ብቻ ጣል አድርጊ፦ ከዚያስ? ምን አለችሽ? ምን ለብሳ ነበር? ዋጋው ስንት ነበር? ዋጋ መጠየቅ ያሳፍራል ብለሽ እንዳትተዪው። የገብሱ መጠን ሲነገር ነው መስጠቱ ምን እንደሚያስከፍል የሚገባን።

ወሬው ሲያስቸግር

የምትሰብክ ሴት አትጠፋም። እኛም አለችን፣ እንወዳታለን። «እትዬ፣ ቃሉን እሁድ እንሰማዋለን፤ አሁን ያን ዕለት የሆነውን ይንገሩን» እላለሁ። ካልሆነ ቡና እንድትቆላ እጠይቃታለሁ። ሐሜትን የሚያቆመው ደግሞ አንድ ደንብ ነው፦ ራስሽ ያለሽበትን ብቻ አውሪ። ጎረቤትሽ ከባሏ ጋር ስለተጣላችው ሳይሆን፣ ስትጣላ አንቺ ምን አደረግሽ?

ያለቀሰችውን አታጣድፊያት። በኛ ቤት አንዷ ስታለቅስ ሌሎቹ ተነሥተው ጭንቅላቷ ላይ እጅ ሊጭኑ ይሽቀዳደማሉ። ጸሎት ጥሩ ነው፤ ግን ጠይቂያት። «እንጸልይ ወይስ ትቀጥያለሽ?» ብዙዎቹ መቀጠል ነው የሚፈልጉት። ሌሎቻችሁ ሥራችሁን ሥሩ፣ ስኒዋን ሙሉላት።

ቤት ውስጥ የሚደበድባት ሰው እንዳለ ከነገረችሽ ግን ደብተሩን ዝጊ። እሱ የሚነበብ ወግ አይደለም። ለብቻዋ፣ ከምታምናት አንዲት ሴት ጋር ሆነሽ አነጋግሪያት። ሐኪምም ሕግም ካስፈለገ አብረሻት ሂጂ። «ታገሺ፣ ጸልዪለት» ብሎ መሸኘት አገልግሎት አይደለም። ይህን የምለው ስለሚባል ነው።

ከተማችን ከየቦታው የተፈናቀሉ እናቶች አሉ። እነሱን ስለ መንገዱ አትጠይቂ። ስለ ጓዳቸውና ስለ ጓሯቸው ጠይቂ። ከወለጋ የመጣች አንዲት እናት ከቤቷ ኋላ ስለነበረው ቡና አወራችን። ደጋ ያደግን ሴቶች፣ በቀን ሦስት ጊዜ ቡና የምናፈላ፣ የቡና አበባ ምን እንደሚመስል አናውቅም ነበር። ነጭ ነው፣ ሲያብብ ሽታው መንገድ ድረስ ይመጣል አለችን። ያን ቀን አስተማሪዋ እሷ ነበረች፤ እኛ ተማሪዎች። መንገዱን ራሷ ያነሣችው በሌላ ቀን ነው፣ በራሷ ጊዜ።

በዕድሜ የገፉትን አስቀድሚ። ቤተ ክርስቲያናችን በ1951 ዓ.ም. ስትመሠረት ልጃገረድ የነበሩ ዛሬ ከሰማንያ አልፈዋል። የደርግን ዘመን ሲያወሩ ትልልቆቹን ስሞች ይጠራሉ። የቤተ ክርስቲያናችን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ጸሐይ ቶሎሳ አሥር ዓመት ያህል ታስረዋል። ይህ ተጽፏል። አንቺ ሌላውን ጠይቂ። ያኔ ለታሰረ ሰው ስንቅ ማን ያደርስ ነበር? ሳህኑ ባዶ ተመልሶ ሲመጣ ምን ታስቢ ነበር? መዝሙር ድምፅ ሳታሰሙ እንዴት ትዘምሩ ነበር?

መጻፉ

ደብተር ግዢ፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው። ኢንተርኔት ተዘግቶ በከረመበት ጊዜ ስልክ ላይ ብቻ የተቀመጠ ነገር ምን ያህል እንደሚያስተማምን አይተናል። በስልክ መቅዳት ከፈለግሽ አስፈቅጂ፤ ስልኩን ደብቀሽ ሳይሆን ስኒው አጠገብ አድርገሽ። የቀዳሽውን በዚያው ምሽት ጻፊው። ካሳደርሽው የራስሽ ቃል ይገባበታል።

አንድ ገጽ ይበቃል። ከእጇ ጀምሪ እንጂ ከትውልድ ዘመኗ አትጀምሪ። አነጋገሯን አታርሚ፤ የመንዝ ሰው እንደ መንዝ ያውራ። ያላለችውን ጥቅስ አትለጥፊ። መጨረሻው ላይ «ከዚህ የምንማረው» የሚል አትጨምሪ፤ ሰሚው ጆሮ አለው።

አንዲት ጎበዝ ወጣት የመንዟን እናት ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፈችው እንዲህ ነበር፦ «እናታችን ለረጅም ዓመታት በታላቅ ትጋትና በመንፈሳዊ ቅንዓት ችግረኞችን በመርዳት ጌታን ሲያገለግሉ ቆይተዋል።» ውሸት የለበትም። ግን ለማንም ይሆናል፤ ለጡረታ መሸኛ ደብዳቤም ይሆናል። አብረን ተቀምጠን እንደገና ጻፍነው፦

«በግ በተሸለተ ቁጥር አንድ እፍኝ ሱፍ ለብቻ ያስቀምጣሉ። ለማን እንደሆነ አያውቁም። ይፈትሉታል፣ ለሸማኔ ይሰጡታል፣ ባናውን አጣጥፈው ያስቀምጡታል። ‹ሰውየው ገና አልመጣም› ይላሉ። መጀመሪያ የመጡት አማታቸው ነበሩ። ባናውን ሰጧቸው። በማግሥቱ እንዝርታቸውን አነሡ።»

እምነት፣ አገልግሎት፣ ጸጋ የሚል ቃል የለበትም። ሲነበብ ግን አንድ ሽማግሌያችን መነጽራቸውን አወለቁ።

«ያልተማርኩ ነኝ» ለምትለዋ ደግሞ አስቴር ጋኖን አስታውሻት። በባርነት ተሸጣ በቀይ ባሕር ልትሻገር ስትል የጣልያን መርከብ እ.ኤ.አ. በ1886 አስጣለቻት። ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ተማረች። ከተርጓሚው ከኦኔሲሞስ ነሲብ ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በ1899 ለታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ደከመች። ከዚያ በተጨማሪ ከሕዝቧ አፍ የሚታወቀውን ተረት፣ ምሳሌ፣ እንቆቅልሽና ዘፈን አምስት መቶ ያህል ጽፋ አስቀመጠች። በኋላ ወለጋ ገብታ አስተማረች። የቡና ላይ ተረት መጻፍ ቁም ነገር አይደለም የሚል ሰው ሲያጋጥምሽ እሷን ጥሪበት።

ጽፈሽ ስትጨርሺ ለባለቤቷ አንብቢላት፤ ለባለ ታሪኳ ማለቴ ነው። ይህ ግዴታ ነው። «ይቺን አውጪ» ካለች ይወጣል፣ ምንም ያህል ብትወጂው። ስሟ እንዲጠራ ትፈልግ እንደሆነ ጠይቂ። የልጆች ስም፣ የቀበሌ ስም፣ የተፈናቀለችበት ቀዬ ስም አይጻፍ። ጊዜው አስተማማኝ አይደለም። የመንዟ እናት ለምሳሌ አማታቸውን «ያንገላቱኝ» ያሉትን ከተጻፈው አስወጡ። «ሙት አይወቀስም» አሉ። እዚህ የማነሣው ደግሞ በእሳቸው ፈቃድ ነው፤ «ስሜን ካልጠራሽ አውሪው» ብለውኛል።

ለሌላው ማድረስ

እሁድ ከማስታወቂያው በፊት ሦስት ደቂቃ ለምኑ። ከሦስት ደቂቃ አትለፉ፤ ካለፋችሁ በሚቀጥለው ወር አይፈቀድላችሁም። በየሳምንቱም አይሁን፣ ይሰለቻል። እኛ ጋ ባለ ታሪኳ ራሷ አታነብም፤ አንዲት ወጣት ታነብላታለች፣ እሷ በሰው መሐል ተቀምጣ ትሰማለች። አንዳንዷ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ትስባለች፣ አንዳንዷ ቀና ብላ ዙሪያዋን ታያለች።

ከተቻለ ዕቃው ይምጣ። ባናው፣ መሶቡ፣ ጥልፉ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። ከአምልኮው በኋላ ሰው ይነካዋል፣ ይጠይቃል። በዚህ መንገድ ሁለት ልጃገረዶች ሱፍ መፍተል ሊማሩ ወደ እማማ ሄዱ። መዘምራኑ አንዱን ታሪክ መዝሙር ሊያደርጉት ከፈለጉ ደስ ይላል፤ ግን እነሱም ያስፈቅዱ።

ማንበብ ለማትችለው በድምፅ ይሁን። ደግሞ ቤሩትና ሪያድ ያሉ ልጆቻችን አሉ። የእናቷን ድምፅ፣ ከበስተኋላ ሙቀጫው እየተመታ፣ በቴሌግራም የሰማች ልጅ መልሳ የራሷን ልካልናለች። ሥራ ቤት ውስጥ ወጥ ቤት ወለል ላይ ተንበርክካ በሹክሹክታ እንደምትጸልይ። እሱም ደብተሩ ውስጥ ገባ። የድምፁን ፋይል በኅብረቱ ግሩፕ ከመልቀቅሽ በፊት ግን ላኪዋን ጠይቂ፤ አሠሪ ይሰማል፣ ዘመድም ይሰማል።

አንዳንዱ ታሪክ ሥራ ይወልዳል። አንዲት አስተማሪ፣ ተማሪዎቿ የወር አበባ ሲመጣ ከትምህርት ቤት እንደሚቀሩ አወራች። የእኔ ሱቅ ደግሞ የዩኒፎርም ቁርጥራጭ ሞልቶታል። ታጥቦ ደግሞ የሚያገለግል ንጽሕና መጠበቂያ መስፋት ጀመርን። ቆዳ የሚነካው ለስላሳ ጥጥ ነው፤ ውስጡ ሦስት ድርብ እርጥበት የሚመጥጥ ጨርቅ፣ ከሥሩ የአሮጌ ጃንጥላ ጨርቅ፣ እርጥበት እንዳያሳልፍ። የዩኒፎርሙ ቁራጭ የሚሆነው ከውጭ ለሽፋኑ ነው፤ ብዙው ሰው ሠራሽ ክር ስላለበት በደንብ አይመጥጥም። ጎንና ጎኑ ላይ ክንፍ አውጥተን ቁልፍ እንተክልበታለን። ለልጆቹ ስንሰጥ በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ መድረቅ እንዳለበት እንነግራቸዋለን። ከአልጋ ሥር ደብቀው እርጥቡን እንዳያስቀምጡት። ይህን አጠንክረሽ ተናገሪ፣ ምክንያቱም ልጆቹ ያፍራሉ።

ግን ሁሉን ታሪክ ኮሚቴ አታድርጊው። እኛ አገር ሁለት ሰው ከተስማማ ሊቀመንበርና ገንዘብ ያዥ ይመረጣል። የእማማን ባና «ፕሮጀክት» እናድርገው ያለች እህት ነበረችን፤ ስንት ባና በዓመት፣ ለስንት ተረጂ። እማማ ሰምተው ሰምተው፣ «እንግዲያስ የሚመጣውን ሰው እናንተ ታውቁታላችሁ ማለት ነው» አሏት። በዚያው ቀረ።

ለመጀመሪያው ቀን ብዙ አትዘጋጂ። ለሦስት አራት ሴት ደውዪ፤ አንዷ በዕድሜ የገፋች ትሁን፣ አንዷ ወጣት፣ አንዷ ገና ለሰፈሩ አዲስ። ሥራችሁን ይዛችሁ ኑ በያቸው፣ ቡናው የእኔ ነው በያቸው። ደብተሩን ያን ቀን አታውጪው። ዕቃ ብቻ ጠይቂ፣ ስሚ፣ ቡናው ሦስተኛው ሲጠጣ ይበቃል። በቀጣዩ «ባለፈው ያወራሽውን ብጽፈው ቅር ይልሻል?» ብለሽ ጀምሪ። ቅር ይለኛል ካለችሽ ሌላዋን ጠይቂ፤ እሷንም ለሚቀጥለው ቡና ጥሪያት።